አሥራ አንድ ጊዜ «መጣሁ»

እስቲ አንተ ይህን የምታነበው ንገረኝ፤ ሰው ከቤትህ የወሰደውን ዕቃ አደባባይ ላይ ደርድሮ ሲያስጨበጭብበት፣ አንተኑ በር ላይ አቁሞ «የጥሪ ካርድ ይዘሃል?» ብሎ መጠየቅ ስሙ ምንድን ነው?

«ሥነ ሥርዓት ነው፣ እናት» አላት ዘበኛው። «ከላይ የታዘዝኩት ነው እንጂ እኔማ ምን ቸገረኝ።»

እትዬ ሻማ ከሥዕል አዳራሹ የመስታወት በር ፊት እንደቆመች ነው። ቀሚሷ የአዘቦት አይደለም፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር አውጥታ፣ በጥድፊያ ተኩሳ፣ አንደኛውን እጅጌ ሳትጨርስ የለበሰችው ነው። በመስታወቱ ውስጥ ብርጭቆ የያዙ ሰዎች ይታዩአታል። ከእነሱ ራስ በላይ የአንድ ወንድ ድምፅ «መጣሁ… መጣሁ… መጣሁ…» ይላል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጎላል፣ በተዘጋ ቁጥር ይታፈናል።

«ካርድ የለኝም» አለችው። «ዕቃዬ ግን ውስጥ ነው ያለው።»

«ዕቃ የሚገባውም የሚወጣውም በጓሮ በር ነው። እሱም ነገ ነው።»

«ላወጣው አልመጣሁም። ላየው ነው።»

ዘበኛው ሊመልስላት አፉን ከከፈተ በኋላ ፊቷን ትኩር ብሎ አየና ሐሳቡን ለወጠ። የዚያች የመዝገብ ክፍሏ ልጅ እናት ይሆኑ እንደሆነ ጠየቃት፤ አፍንጫዋ ቁርጥ የእርስዎ ነው አላት። ልጅቷ አንድም ጠዋት ሰላም ሳትለው አልፋ እንደማታውቅ፣ ሰሞኑንም ቋሚ ልትደረግ ነው ሲባል ሰምቶ ደስ እንዳለው አወራላትና በሩን ገፋ አደረገው።

«ለእሷ ስል ነው» አለ። «አደራዎን፣ እንዳያሳፍሩኝ።»

እትዬ ሻማ አደራውን አልተቀበለችውም። ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

ሻማ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ የሰፈር ሰው ነው ያወጣላት። ከዚያ በፊት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ሸክላ ክፍል ሠርታለች። ሥራዋ ጋዜጠኞቹ የሚፈልጉትን ሸክላ ከመደርደሪያ ማውጣት፣ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን መጥረግ፣ ሲመለስም የተጫረ ከሆነ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ መጻፍ ነበር፤ «ሦስተኛው ዘፈን መሐል ላይ ይዘላል»፣ «መጨረሻው ላይ ይንተባተባል»። ሌላው ሰው ዘፈን ሲያውቅ እሷ ዝላይ አወቀች። የትኛው ሸክላ የትኛው ቃል ላይ እንደሚደናቀፍ በቃሏ ትይዘው ነበር፤ አንዳንዱ መደናቀፍ ከዘፈኑ እንደሚበልጥም ከማንም በፊት የገባት እሷ ናት። ይህን ግን ለማን ትነግረዋለች? ጣቢያው ውስጥ ሸክላ ከዘለለ የሚሰደበው አስተላላፊው ሳይሆን እሷ ነበረች።

አንድ ክረምት የክፍሉ ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። አምስት ማስታወሻ ጻፈች። ለአንዱም መልስ አልመጣም። ውሃው መደርደሪያውን ካበሰበሰ፣ ሽፋኖቹ ሻግተው እርስ በርስ ከተጣበቁ በኋላ፣ አለቆቹ ዘፈኑ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ የተበላሹት ይጣሉ ብለው ወሰኑ። እኔ ልውሰዳቸው ብላ ስድስተኛውን ማስታወሻ ጻፈች። ለዚህኛው በማግስቱ መልስ ተሰጣት፤ «ቆሻሻ ለመውሰድ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል። መሥሪያ ቤት ፈጥኖ መልስ የሚሰጠው ሲያዋርድ ብቻ ነው። ባሏ የጣቢያው ሾፌር ነበርና ሸክላዎቹን በአራት ምልልስ ቤት አደረሰላት።

ያው ባሏ የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ጠዋት የጫማውን ማሰሪያ አሰረና «መጣሁ» ብሎ ወጣ። ከከተማ ወጣ ብሎ መኪናው ተገለበጠ። አልመጣም።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከአልጋው ሥር ከደረደረቻቸው ሸክላዎች አንዱን አወጣች። ውሃ ያበላሸው የድሮ የሬዲዮ ድራማ ነው፤ አንድ ሰው ከደጅ ሆኖ «መጣሁ፣ በሩን እንዳትዘጊው» የሚልበት ቦታ አለው። ያንን አንድ ቃል ብቻ ለይታ መስማት ፈለገች። መጀመሪያ ሌላ ሸክላ ላይ በምላጭ ሞከረችው፤ የማጫወቻው መርፌ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ አንዱን ቃል ያለማቋረጥ ይደጋግመው ጀመር። ይህ ውሸት ሆነባት፤ ማንም ለዘላለም «መጣሁ» አይልም። በስንት ሙከራ የደረሰችበት የሻማ ሰም ነው። ሰሙን አቅልጣ፣ በስፒል ጫፍ ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ጠብታ ትጨልፍና፣ ድምፁ በተቀረጸበት ቀጭን ፈር ላይ፣ ልክ ከቃሉ ቀጥሎ ታስቀምጣለች። የማጫወቻው መርፌ ጠብታዋን ሲነካ ወደ ቀደመው ፈር ተመልሶ ይዘላል፤ ቃሉን ይደግማል፤ እንደገና ይነካታል፤ እንደገና ይዘላል። በተነካች ቁጥር ግን ሰሟ ትሳሳለች። ስታልቅ መርፌው ያልፋል። ስለዚህ ቃሉ ስንት ጊዜ እንደሚደገም የሚወስነው የጠብታዋ ውፍረት ነው፤ የጠብታዋን ውፍረት የሚወስነው ደግሞ እጅ ነው። ሸክላው በተሰማ ቁጥር አዲስ ጠብታ ይፈልጋል።

የባሏ መታሰቢያ ያደረገችውን ሸክላ አሥራ አንድ ጊዜ እንዲደግም አደረገችው። ለምን አሥራ አንድ ሲሏት፣ ሰው አሥረኛው ላይ ተስፋ ይቆርጣል፣ አሥራ አንደኛው ላይ ነው የሚናደደው ትላለች። ከአሥራ አንደኛው በኋላ «በሩን እንዳትዘጊው» ይመጣል፤ ከዚያ ውሃ የበላው ቦታ ይቀጥላል፣ ዝናብ የሚመስል ሹክሹክታ ብቻ።

በአራት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሸክላ እንዲህ ሠራች። ሁለት የተሰበሩ ግማሾችን በማጣበቂያ አጋጥማ አንድ ዘፋኝና አንድ ዜና አንባቢ እየተቀባበሉ ሲጨቃጨቁ የሚሰማበትም ነበር። ባለሱቁ መብራት እያለ በሳምንት አንድ እሽግ ሻማ ምን እንደሚያደርግላት አልገባውም፤ ጎረቤቱም አልገባውም፤ ሟርት ነው ያሉም አልጠፉ። ስሙ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

መምህሩን ወደ ቤቷ ያመጣችው የገዛ ልጇ ናት። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምራት ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አሥራ አንዱን «መጣሁ» ሰማና አለቀሰ። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ሲላት የነበረው ሰው በሁለተኛው ቀን «እናቴ፣ አንቺ» ማለት ጀመረ። አምስት ጊዜ ማይክራፎን ይዞ መጣ፤ እሷ ሰም ስታንጠባጥብ አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ቀዳ። በመጨረሻም፣ በትምህርት ቤቱ ጥሩ መሣሪያ አጥርቼ ልቅዳልሽ፣ አሥራ ዘጠኙንም ለሦስት ሳምንት ብቻ አውሺኝ አላት። ፈርመህ ውሰድ ብትለው ሳቀባት፤ በእናትና በልጅ መካከል ደግሞ ወረቀት ምን ሊያደርግ?

ሦስቱ ሳምንት ሁለት ዓመት ሆነ። ስልክ አያነሣም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እትዬ ሻማ ግን ጠርጥራለች። ጠርጥራም ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀምጣለች፤ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ልጇ በሰውየው አማላጅነት እዚህ አዳራሽ ሥራ አግኝታ፣ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ሆኗልና።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ግን ከጎረቤት ሬዲዮ የመምህሩን ድምፅ ሰማች። ከሰዓት ስለሚከፈተው ዐውደ ርእይ ይጠይቁታል። ሸክላዎቹን የሠራቸው ጊዜ ነው ይላል፤ ርጥበትና አጋጣሚ እንጂ የሰው እጅ አልነካቸውም ይላል። እትዬ ሻማ እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የኔ ናቸው ቢል ይሻል ነበር አለች በልቧ፤ ሌባ እንኳ ዕቃው ባለቤት እንዳለው ያውቃል። ለልጇ ደወለች። ልጇም የዛሬው ለተጠሩ ሰዎች ብቻ እንደሆነ፣ እሑድ ሰው ሲቀንስ እንደምትወስዳት ነግራት በጥድፊያ ዘጋችው።

አዳራሹ ከጣራው እስከ ግድግዳው ነጭ ነው። ስድስት መቆሚያዎች ላይ ስድስት ሸክላ ማጫወቻዎች ይዞራሉ፤ የቀሩት ሸክላዎች ግድግዳው ላይ እንደ ሰዓት ተሰቅለዋል። የባሏን አገኘችው። ከሥሩ በትንሽ ካርቶን ላይ፣ «መጣሁ። ርጥበት፣ ጭረትና አጋጣሚ። ሸክላው ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ የተገኘ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቴ አነበበችው።

አጠገቧ የቆመ ባለከረባት ሰውዬ ለጓደኛው፣ አጋጣሚ እንዴት ያለ ባለቅኔ ነው ይለዋል።

«ባለቅኔው ሻማውን ከየት የሚገዛ ይመስልዎታል?» አለችው።

ሰውዬው በጨዋነት ፈገግ አለና ሁለት እርምጃ ራቀ።

እትዬ ሻማ ሸክላ የምታዳምጠው በዓይኗም ጭምር ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ልማድ ነው፤ መርፌው የተገጠመበትን ክንድ ሳታይ ጆሮዋን አታምንም። ቃል ሲደገም ክንዱ ባለበት ይቆያል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ይልና ይመለሳል፣ ስብሰባ ላይ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ይሄኛው ክንድ ግን አይነቀንቅም። ድምፅ ማጉያው «መጣሁ… መጣሁ…» እያለ፣ መርፌው ምንም እንዳላደናቀፈው ሁሉ በፀጥታ ወደ መሐል ይሄዳል።

ጎንበስ ብላ አየችው። ሸክላው ያበራል። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚያበራው። ሰሟ የለም። ወደ ሁለተኛው መቆሚያ ሄደች፤ እዚያም የለም። ሦስተኛውም እንደዚያው ነው። ተመልሳ መጥታ ጆሮዋን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፈችው፤ ከሰባተኛው «መጣሁ» በኋላ አንድ ደረቅ ሳል ተሰማ። የራሷ ሳል ነው፤ ያን ክረምት ጉንፋን ይዟት ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ብርጭቆ ይዞ የሚመሰጥበት፣ እሷ ቤት፣ እሷ እያሳለች የተቀዳ ድምፅ ነው። ሸክላዎቹ የሚዞሩት ለዓይን ነው።

አንድ እጅ ክርኗን ያዛት። ልጇ ናት፤ ሽሮ መልክ ኮት ለብሳ፣ ደረቷ ላይ የሠራተኛ መታወቂያ አንጠልጥላ። እየሳቀች ለእንግዶቹ ራሷን እየነቀነቀች፣ እናቷን የጽዳት ዕቃ ወደሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ወሰደቻትና በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ እሑድ አላልኩሽም?»

«ማን ነው ያጠባቸው?»

«ምኑን?»

«ሸክላዎቹን። ሰሙን ማን ነው የፋቀው?»

ልጅቷ መታወቂያዋን ገለበጠችው፤ መልሳ አቀናችው።

«ቆሻሻ መስሎኝ ነው በይኝ» አለች እናቷ። «እንደዚያ በይኝና ልሂድልሽ።»

«አልመሰለኝም» አለች ልጅቷ። «ሻማውን የምገዛልሽ እኔ አልነበርኩም እንዴ?»

ሌላውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ነገረቻት። ለዐውደ ርእዩ ድጋፍ የሰጡት ሰዎች ሸክላዎቹን በአጉሊ መነጽር ሊያዩ እንደሚችሉ፣ በሰነዱ ላይ የሰው እጅ ያልነካቸው ተብሎ እንደተጻፈ፣ ሰም ከታየ ጥያቄ እንደሚያስነሣ መምህሩ እንዳስጠነቀቃት። ሦስት ቀን እንደፈጀባት፤ ለብ ባለ ውሃና በቀጭን እንጨት፣ አንድ በአንድ።

«የአባዬንማ እያለቀስኩ ነው የፋቅኩት።»

«ጎበዝ። እንባሽ ሰሙን አለሰለሰልሽ?»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። መጥረጊያ ወደቀ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ሰኞ የቋሚነቷን ደብዳቤ የሚያጸድቀው ኮሚቴ እንደሚሰበሰብ፣ ሰብሳቢው መምህሩ እንደሆነ ተናገረች። በጡረታ ብቻ መኖር እንደማይቻል እናቷ ራሷ ስንት ጊዜ ብላለች። ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ፣ አንድ ቀን እኔው ራሴ እነግረዋለሁ አለች።

«ምን ብለሽ ነው የምትነግሪው?»

ልጅቷ የወደቀውን መጥረጊያ በእግሯ ገፋችው።

«ያንቺስ ስም? ካርቶኑ ላይ አላየሁትም።»

«መውጫው ላይ ነው። ከታች።»

«ምን ይላል?»

«ጽዳትና ዝግጅት።»

እትዬ ሻማ ልጇን ልትመታት ፈልጋ የኮቷን ኮሌታ አስተካከለችላትና ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ውይይቱ ተጀምሯል። መምህሩ ከፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ መድረክ የምትመራው ወይዘሮ፣ ከጀርባው ደግሞ ለድምቀት ይሁን ተብሎ የባሏ ሸክላ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ይዞራል። ወይዘሮዋ በዘርፉ ፈር ቀዳጅ ብላ አስተዋወቀችው። እሱም ጆሮ ያለው ሰው ጊዜ ሲናገር ይሰማል፣ የእኔ ድርሻ ዝም ብሎ ማዳመጥ ብቻ ነበር አለ፤ ለዚህ ትሕትናው ረጅም ጭብጨባ ተቸረው። አንዲት ተማሪ፣ ጭረት ከሆነ እንዴት ነው ሁልጊዜ አሥራ አንድ ላይ የሚያቆመው ብላ ጠየቀችው። መምህሩ ፈገግ ብሎ ያ ምስጢሩ ነው፣ እኔም አላውቀውም አለ። በዚያ ከሰዓት ከአፉ የወጣው ብቸኛ እውነት ይህ ነበር።

እትዬ ሻማ እጇን አወጣች። ወይዘሮዋ አይታ አለፈቻት። እንደገና አወጣች፤ እንደገና ታለፈች። በሦስተኛው ማይኩ ከፊቷ ለተቀመጠው ባለከረባት ሰውዬ ሲሰጥ፣ ከትከሻው በላይ እጇን ሰድዳ ወሰደችው። ልጇ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ቆማ ራሷን ትወዘውዛለች፤ በጣም ቀስ አድርጋ፣ እናቷ ብቻ እንድታየው።

«ታውቀኛለህ?» አለች እትዬ ሻማ።

መምህሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «እንዴት አላውቅዎትም። እንኳን ደህና መጡ።»

«ቤቴ ስትመጣ አንቺ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ነው እርስዎ የሆንኩት?»

ሰው ሳቀ። እሱም ከሰው ጋር ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅም እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ፣ እኚህ እናታችን እነዚህን ሸክላዎች ከመጣል ያተረፉልን ናቸው፣ እስቲ ሞቅ አድርገን እናመስግናቸው አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። የሞተን ሰው አፈር ሲያለብሱ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ያቅሙን ይጨምራል። እትዬ ሻማ ጭብጨባው እስኪያልቅ ማይኩን አገጯ ሥር ይዛ ጠበቀች።

«ጭብጨባውን አንተው ውሰደው» አለች። «እኔ የመጣሁት ለጥያቄ ነው። ያ ከጀርባህ ያለው ክንድ ለምን አይመለስም? ድምፁ አሥራ አንድ ጊዜ ይመለሳል። መርፌው አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም።»

ከፊት የተቀመጡት ወደ ማጫወቻው ዞሩ። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ተማሪዋ ከወንበሯ ተነሥታ ጠጋ ብላ ማየት ጀመረች።

መምህሩ ውሃ ተጎነጨ። ነገሩ የቴክኒክ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሸክላዎቹን በኃላፊነት የያዙት የአዳራሹ ሠራተኞች እንደሆኑ፣ በአያያዝ የተፈጠረ ጉድለት ካለ መጠየቅ ያለበት ክፍሉ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ላከ።

«ረዳቴ እዚህ አለች። ያጸዳቻቸውም እሷ ናት። እስቲ አንቺ አስረጂልን።»

ሰው ሁሉ ወደ ልጅቷ ዞረ። እሷም ሁለት እጇን እንደተያዘች ተማሪ ከኋላዋ ደብቃለች። እትዬ ሻማ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዲቱን ጥያቄ ጠይቃ፣ ሰው እንዲጠረጥር አድርጋ፣ ለሰኞው ደብዳቤ ስትል ልትቀመጥ ታስብ ነበር። አሁን ግን ገባት። ደብዳቤው ቢጻፍም ባይጻፍም፣ ይህ ሰው አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ጣቱን የሚቀስርባት ልጅ ነው የቀጠረው።

ወይዘሮዋ ሰዓቱ ስላለቀ ማይኩን እንዲመልሱላት በትሕትና ጠየቀች። እትዬ ሻማ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እሷን ተዋት» አለች። «እሷን ቤቴ ገብቼ እጠይቃታለሁ። እዚህ የጠየቅኩት አንተን ነው። ማን ፋቀው አላልኩህም፤ ማን አስፋቀው ነው የምልህ። ተነሥና መርፌውን ከሸክላው ላይ አንሣ። ድምፁ ካቆመ ይቅርታ ጠይቄህ እወጣለሁ። ካላቆመ ግን ቤቴ ተቀምጠህ ሰሙን ሲያንጠባጥብ ያየኸው እጅ የማን እንደሆነ፣ እዚሁ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት፣ በራስህ አፍ መልስልኝ።»